የእጅ ሰዓት አመራረጥ በጎንደር

በጎንደር የእጅ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚገዛው ለምረቃ፣ ለሠርግ ወይም ለሥራ ነው። ከፒያሳ ሱቅም ሆነ ከቅዳሜ ገበያ መደብ ሲገዛ፣ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ፊቱ ላይ የተጻፈው ስም ነው። ሰዓቱ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የሚወስኑት ግን ማሽኑ፣ ቀፎው፣ መስታወቱ፣ ውኃ የሚከለክለው ጎሚኒና የባትሪው ዓይነት ናቸው። ሲበላሽ እዚሁ ከተማ ውስጥ የሚጠግነው ሰዓት ሠሪ መኖሩም ከእነዚህ ባልተናነሰ ይታሰባል።

ማሽኑ

ኳርትዝ የሚባለው ሰዓት በባትሪ ይሠራል። በውስጡ ያለች ቅንጣት የኳርትዝ ድንጋይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ሰርኪዩቱ ይህን ቆጥሮ በየሰከንዱ አንድ ምት ያወጣል። የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት፣ ሴይኮ አስትሮን፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1969 ቶኪዮ ውስጥ ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋው ከትንሽ መኪና ዋጋ ጋር ይቀራረብ ነበር። ዛሬ ያው አሠራር በገበያ ላይ ከሁሉም ርካሹ ነው። ሜካኒካል ሰዓት ግን ባትሪ የለውም፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከተጠመጠመ ሞላ ነው። ሞላው በእጅ ይሞላል፤ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን ይሞላል።

በትክክለኛነት ርካሹ ውዱን ይበልጣል። ደህና ኳርትዝ በወር ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይስታል። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጠው ካሲዮ ኤፍ 91 ደብሊው በወር 30 ሰከንድ ቢስት ነው፤ ባትሪውም ሰባት ዓመት ያህል ይቆያል። ሮሌክስ ለሰዓቶቹ ያስቀመጠው ልክ በቀን 2 ሰከንድ መቅደም ወይም መዘግየት ነው። ለሜካኒካል ሰዓት ይህ እጅግ የሚያስመሰግን ነው፤ በወር ሲደመር ግን እስከ 60 ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። በብዙ መካከለኛ አውቶማቲኮች ውስጥ የሚገኘው የሴይኮ ኤንኤች 35 ማሽን ደግሞ በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መቅደም ይፈቀድለታል።

የታላላቅ ብራንዶች ዋጋ እንግዲህ የሚከፈለው ለሌላ ነገር ነው፦ በእጅ ለተወለወለ ብረት፣ ለወርቅ፣ ኩባንያው ራሱ ለሠራው ማሽን፣ መልሶ ሲሸጥ ለሚያስገኘው ገንዘብና ለስሙ። እነዚህ እውነተኛ ነገሮች ናቸው፤ የሚወዳቸው ሰው ቢከፍልባቸው አይፈረድበትም። ጎንደር ላይ የሚያስቸግረው ጥገናው ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት በየጥቂት ዓመቱ ተፈትቶ መታጠብና መቀባት አለበት፤ መለዋወጫውን ኩባንያዎቹ ለማንኛውም ሰዓት ሠሪ አይሸጡም፤ ለአንድ ሰርቪስ የሚከፈለውም በርካታ ደህና ሰዓቶች ይገዛል። ኤንኤች 35 ያለበት ሰዓት ቢበላሽ ግን ሙሉ ማሽኑን አውጥቶ በአዲስ መተካት ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜም ከመጠገን ይረክሳል። ጃፓን ሠራሹ ሚዮታ 2035 ኳርትዝም እንደዚሁ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚታይ

የጀርባ ክዳኑን ገልብጦ ማንበብ ይቀድማል። «ስቴንለስ ስቲል ባክ» ከሚል የማይዝገው ክዳኑ ብቻ ነው፤ ቀፎው ቅብ የተቀባ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል። «ኦል ስቴንለስ ስቲል» የሚለው ይሻላል። ወርቅ ቅብ ሰዓት መጀመሪያ የሚላጠው በማሰሪያው ማያያዣ ጥግና ክንድ በሚነካው ጀርባው ነው፤ ከሥሩ ነሐስ ካለ ላብ ሲነካው ቆዳን አረንጓዴ ያደርጋል። ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ለሚመላለስ ሰው ወርቅ ቅብ የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ደጋው ላይ ቆየት የሚለውን ቅብ እዚያ ላብ ቶሎ ይበላዋል።

ቀጥሎ ፊቱ ይታያል። ሦስት ትናንሽ ክቦችና በጎን ሁለት ቁልፎች ያሉት ሰዓት እውነተኛ ክሮኖግራፍ (እንደ ሩጫ ሰዓት ጊዜ የሚለካ) መሆኑ የሚታወቀው የላይኛው ቁልፍ ሲጫን ቆጠራ ሲጀምር፣ እንደገና ሲጫን ሲቆም፣ የታችኛው ሲጫን ደግሞ ወደ ዜሮ ሲመለስ ነው። በርካሽ ሰዓቶች ላይ ክቦቹ ሥዕል፣ ቁልፎቹም ጌጥ ብቻ የሆኑ ብዙ ናቸው። ሰዓቱ የሚስተካከልበት በጎን ያለው መሙያ ሲሳብ በየደረጃው ጥርት ብሎ ቀጭ ማለት አለበት፤ የሚወላወል ከሆነ ውኃና አቧራ በዚያው ይገባል።

መስታወት ሦስት ዓይነት ነው። ፕላስቲኩ ቶሎ ይጫራል፤ ግን በቀላሉ አይሰበርም፣ ጭረቱም በጥርስ ሳሙና ታሽቶ ይለቃል። ተራው የማዕድን መስታወት መካከለኛ ነው። ሦስተኛው ሰፋየር ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የጥንካሬ መለኪያ 9 ስለሆነ በአቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ፣ ልኩ 7 ገደማ የሆነው፣ አይጭረውም፤ በኃይል ከተመታ ግን ይሰነጠቃል። በበጋ አቧራ ሜዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ የሚገባው ለስም ሳይሆን ለሰፋየር ነው።

ሮሌክስ ተብሎ በጥቂት ሺህ ብር የሚሸጥ ሰዓት ፎርጅድ ነው፤ እዚህ ላይ ጥርጣሬ አያስፈልግም። የዛሬ ሮሌክስ ማሽን በአብዛኛው በሰከንድ 8 ጊዜ ስለሚመታ የሰከንድ ቆጣሪው ይንሸራተታል እንጂ በየሰከንዱ አይዘልም። ቀኑ ላይ ያለችው ማጉያ 2.5 ጊዜ ታጎላለች፤ በፎርጅዱ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። የሚያሳዝነው፣ ለፎርጅዱ የሚወጣው ብር ብዙ ጊዜ እውነተኛ ካሲዮ ወይም ሲቲዝን ይገዛ ነበር።

ውኃ

«30 ሜትር» የሚል ጽሑፍ 30 ሜትር መጥለቅ ይቻላል ማለት አይደለም። አዲስ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ የተፈተነበትን ግፊት ያመለክታል፤ በተግባር ዝናብና የእጅ መታጠቢያ ፍንጣሪ ብቻ ይችላል። ለዋና ቢያንስ 100 ሜትር የሚል ያስፈልጋል። ጥር 11 በፋሲለደስ መዋኛ የሚዘል ወጣት 30 ሜትር የሚል ሰዓት ካሰረ ሳያወልቀው መግባት የለበትም፤ ከከፍታ ሲዘለል የውኃው ምት ጎሚኒውን አልፎ ውኃ ያስገባል።

ውኃ የገባበት ሰዓት መስታወቱ ከውስጥ እንፋሎት ይለብሳል። ያኔ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ እርጥበቱን እዚያው ያዞረዋል እንጂ አያስወጣውም፤ ክዳኑ ሳይከፈት ሩዝ ውስጥ መቅበርም እንዲሁ ነው። በዚያው ቀን ሰዓት ሠሪ ጋ ወስዶ ማስከፈት፣ ባትሪውን ማስወጣትና ማሽኑን ማድረቅ ያስፈልጋል። ሦስት ቀን ከቆየ ዝገት ጀምሯል።

ባትሪ

ለብዙ ኳርትዝ የሚሆነው ባትሪ 377 ወይም ኤስአር 626 የሚባለው ነው፦ ስፋቱ 6.8፣ ውፍረቱ 2.6 ሚሊሜትር፣ 1.55 ቮልት፣ ከብር ኦክሳይድ የተሠራ። በመጠኑ እኩል የሆነው ኤጂ 4 አልካላይን ነው፤ በጣም ይረክሳል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ሲያልቅም ያፈሳል። የፈሰሰው ነገር የመዳብ ሽቦውን ይበላል፤ ማሽኑ የሚሞተው በዚያ ነው። ባትሪ ሲቀየር «ኤስአር ነው ወይስ ኤጂ?» ብሎ መጠየቅ ጥቂት ብር አስጨምሮ ሰዓቱን ያድናል። የሰከንድ ቆጣሪው በየሁለት ወይም በየአራት ሰከንዱ መዝለል ከጀመረ፣ በብዙ ሰዓቶች ባትሪው ማለቁን እየነገረ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ጎሚኒው ከቦታው ካልተቀመጠ ወይም ካልተቀየረ የውኃ መከላከያው አብሮ ይጠፋል። ክዳኑ በአውራ ጣት ከሚጫን ይልቅ በመጫኛ መሣሪያ ቢዘጋ መስታወቱ ከመሰንጠቅ ይድናል።

ሀበሻ ሰዓትና የቀን መስኮት

በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ የማይገኘው ጉዳይ ይህ ነው። ቆጣሪዎቹ በሀበሻ ሰዓት ከተስተካከሉ 12 ላይ የሚደርሱት ንጋትና ምሽት ላይ ነው፤ ቀኑ ግን የሚቀየረው ከሁለቱ በአንዱ ብቻ። ሲስተካከል ቆጣሪውን ወደፊት እያዞሩ ቀኑ የሚዘልበትን 12 ማግኘትና ያንን የጠዋት 12 ሰዓት ማድረግ ነው። ምሽት ላይ የሚቀየር ከሆነ ቆጣሪውን ተጨማሪ 12 ሰዓት ማዞር በቂ ነው።

መስኮቱ እስከ 31 ስለሚቆጥር ወሩ በ30 ባለቀ ማግስት 31 ያሳያል፤ አንድ ቀን ወደፊት መግፋት ያስፈልጋል። ጳጉሜን 5 ባለቀ ማግስት ደግሞ 6 ስለሚያሳይ 1 ላይ ለማድረስ 26 ጊዜ፣ ጳጉሜን 6 ሲሆን 25 ጊዜ ይገፋል። በጠቅላላው በዓመት 13 ማስተካከያ ነው። ስለዚህ መሙያውን አንድ ደረጃ ስቦ ቀኑን ለብቻው ማዞር የሚቻልበት ሰዓት ተመራጭ ነው፤ ይህ የሌለው ሰዓት በእንቁጣጣሽ ቆጣሪዎቹን 26 ቀን ያህል ማዞር ይጠይቃል። የሳምንቱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ስለሆነ ችግር የለበትም። ዲጂታል ሰዓት ግን ጳጉሜን አያውቅም፤ ሰዓቱን በሀበሻ፣ ቀኑን በፈረንጅ መተው ይቀላል።

ቀኑን ከመግፋት በፊት ቆጣሪዎቹን ወደ ታች፣ 6 ቁጥር አካባቢ ማድረስ ግዴታ ነው። ቀኑ በሚቀየርበት 12 ዙሪያ፣ ከ9 እስከ 3 ባለው ክልል፣ ጥርሶቹ ተናክሰዋል፤ ያኔ ሲገፋ ከፕላስቲክ ወይም ከቀጭን ብረት የተሠራችው የቀን ገፊ ትሰበራለች። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ቀኑ ግን አይንቀሳቀስም።