ደሴና ኮምቦልቻ በትናንሽ መገጣጠሚያ ጡቦች

በፕላስቲክ መገጣጠሚያ ጡቦች ሕንፃን፣ መንገድን ወይም መልክዓ ምድርን አሳንሶ መሥራት ከልጆች ጨዋታ ተነሥቶ የአዋቂዎችም የእጅ ሙያ ሆኗል። የማንም ኩባንያ ምርት ቢሆን፣ ብዙ ሰው «ሌጎ» ይለዋል። የስሙ ባለቤት በዴንማርኳ ቢሉንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1932 የተቋቋመ ሲሆን፣ መሥራቹ አናጺው ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን ነው። ሥራው የተጀመረው በእንጨት መጫወቻዎች ነበር።

ከላዩ ጉብታ፣ ከሆዱ ቱቦ ያለው ጡብ እ.ኤ.አ. በ1958 ለባለቤትነት መብት ቀረበ። ጡቦቹን ያለ ሙጫ የሚያያይዛቸው የታችኛው ጡብ ጉብታዎች በላይኛው ቱቦዎች ዙሪያ ጠበቅ ብለው መግባታቸው ነው። ከአንዱ ጉብታ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 8 ሚሊ ሜትር፣ የጡቡ ቁመት 9.6 ሚሊ ሜትር፣ የስሱ ቁራጭ ደግሞ የዚያ ሲሶ ነው። ባለ ስምንት ጉብታ የሆኑ 6 ጡቦች፣ ቀለማቸው አንድ ቢሆን እንኳ፣ ከ900 ሚሊዮን በላይ በሆኑ መንገዶች ይገጣጠማሉ። የጃፓኑ ካዋዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ናኖብሎክ ከዚህም ያንሳል፤ ትንሹ ቁራጭ 4 በ4 በ5 ሚሊ ሜትር ነው።

ደሴን ለመሥራት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን ሰፊውን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን ነው። ምርጫው መልካም ነው። ረጅም ግድግዳ ለጡብ ይመቻል፤ ለጣሪያው ዘንበል ያሉ ቁራጮች አሉ። እንደ ግንበኛ ሁሉ፣ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን መጋጠሚያ መሸፈን አለበት፤ ካልሆነ ግድግዳው ይሰነጠቃል።

ከባዱ ሥራ ግን መሬቱ ነው። ጡብ ሜዳ ይወዳል፣ ደሴ ደግሞ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች የዳገት ከተማ ናት። በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ የቆመች ደሴ፣ ቤቶቿ የቱንም ያህል ቢያምሩ፣ ደሴን አትመስልም። ስለዚህ ከቤቱ በፊት ተዳፋቱ ይሠራል፦ ከካርታ ላይ የእኩል ከፍታ መስመሮችን ወስዶ፣ እያንዳንዱን መስመር በአንድ ስስ ቁራጭ ድርብ መተካት።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ቁልቁለት ይህን በደንብ ያሳያል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነው፤ የአየር ርቀቱ ደግሞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ1 ለ10,000 ልኬት ርዝመቱ 1.2 ሜትር ይሆናል፣ ቁመቱ ግን 6 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ማለትም ስድስት ወይም ሰባት ጡብ ብቻ። ያን መንገድ በመኪና የወረደ ሰው ይህን አይቶ አይረካም። ለዚህም ሞዴል ሠሪዎች ቁመቱን ብቻ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያሳድጋሉ፤ አሳድገውም በሰሌዳው ጠርዝ ላይ መጻፍ ይገባቸዋል። የቦርከና ወንዝ ብርሃን በሚያሳልፍ ሰማያዊ ቁራጭ ይሞላል።

ጡብ ለመቆጠብ የተራራው ሆድ በካርቶን ወይም በተረፉ ባለብዙ ቀለም ቁራጮች ይደገፋል፣ መልካሙ ቀለም ለላይኛው ድርብ ይቀራል። ነጭና ግራጫ ቁራጮች በፀሐይ ብርሃን እየቆዩ ወደ ቢጫ ስለሚያደሉ፣ ሞዴሉን ከመስኮት ማራቅ ነው። ትናንሾቹን ቁራጮች ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን መስጠት አይገባም፤ ሊያንቁት ይችላሉ።