በደም ስር የሚሰጡ መድኃኒቶች አለመጣጣም ምንድን ነው?

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ነርስ መሆኔን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ባለፈው አንዲት እናት ፅኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ ባለቤታቸውን ጠይቀው ሲመለሱ በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ ሰውዬውን እኮ አራት ቦታ ሰክተውታል። ሁሉንም በአንዱ ግሉኮስ ቢለቁለት ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ሁሉም መድኃኒት አብሮ አይሄድም፣ እማማ። አንዳንዱ ከሌላው ጋር ቱቦ ውስጥ ሲገናኝ፣ ገና ደም ስር ሳይደርስ ይበላሻል። አለመጣጣም የሚባለው ይሄ ነው።

ጀማሪ ሳለሁ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ፌኒቶይን ዴክስትሮስ (የግሉኮስ ፈሳሽ) በሚወርድበት መስመር መግፋት ጀመርኩ። ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ አጥሚት ነጣ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ዘጋሁትና ቱቦውን ቀየርኩ። ፌኒቶይን የሚስማማው ከኖርማል ሳላይን፣ ማለትም ከጨው ፈሳሹ ጋር ነው። ያ ነጭ ነገር ደቃቅ ጠጣር ነው። ካኑላውን፣ ማለትም ደም ስር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ፣ ይደፍናል፤ ካለፈም የሳንባን ቀጫጭን ደም ስሮች ሊዘጋ ይችላል።

በየሆስፒታላችን የማይጠፋው አንቲባዮቲክ ሴፍትሪያክሶንም ካልሲየም ካለበት ሪንገር ከሚባለው ፈሳሽ ጋር በአንድ መስመር አይገናኝም። ዕድሜያቸው እስከ 28 ቀን ለሆነ ጨቅላዎችማ፣ ካልሲየም ያለው ፈሳሽ በደም ስር እየወሰዱ ከሆነ፣ በሌላ መስመር እንኳ ክልክል ነው። ሳንባና ኩላሊታቸው ውስጥ ዝቃጭ ተገኝቶ የሞቱ ጨቅላዎች አሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ዓይን የማያየው ነው። የደም ግፊት ከፍ የሚያደርገው አድሬናሊን፣ የደም አሲድን ከሚቀንሰው ሶዲየም ቢካርቦኔት ጋር ሲገናኝ ኃይሉን ያጣል። ፈሳሹ ጥርት እንዳለ ሊቆይ ይችላል። የታማሚው ግፊት ግን አልነሳ ይላል።

መከላከያው ብዙ ወጪ የለውም። ፈሳሹን አቁሞ በኖርማል ሳላይን ማጠብ፣ መድኃኒቱን መስጠት፣ እንደገና ማጠብ። ግፊት የሚደግፈው መድኃኒት የራሱ መስመር ይኑረው። እሱ መስመር እንደሌላው አይታጠብም፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው በአንዴ ገብቶ ግፊቱን ያስፈነጥረዋል። አንገት ላይ የሚገባው ባለ ሦስት መንገድ ካቴተር የሚወደደውም ለዚህ ነው። ሁለት ካኑላ ብቻ ካለ ሰዓቱን ከፋርማሲስቱ ጋር ተማክሮ ማከፋፈል ነው። እኔ ከተጠራጠርኩ ደውዬ እጠይቃለሁ፤ ሌሊትም ቢሆን።

ለእማማም ያልኳቸው ይህንኑ ነው፦ አራቱ መስመር ለባለቤትዎ ሲባል ነው። ቱቦው ውስጥ የነጣ ወይም የደፈረሰ ነገር ካዩ ግን የፈሳሹን መቆጣጠሪያ አይንኩ፤ እዚያው ነርስ ይጥሩ።