ስለ ትንሽ የርቀት ሶፍትዌር ኩባንያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው፦ የቤዝካምፕ ጉዳይ

ቤዝካምፕ የተባለውን የፕሮጀክት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የሚሠራው 37 ሲግናልስ በ1999 ቺካጎ ውስጥ ተመሠረተ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሠራተኞቹ በተለያዩ አገሮች ተበታትነው ይሠራሉ። ከርቀት የሚሠራ ቡድን ለማቋቋም የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰው ይህን ኩባንያ ነው፤ የሚጠቀሰው ግን ነፃነቱ እንጂ በራሱ ላይ የጣለው ገደብ አይደለም። ኩባንያውን አጽንቶ ያቆየው ደግሞ ገደቡ ነው።

«ያለ ባለሀብት ገንዘብ አይጀመርም»

ቤዝካምፕ ሲሠራ ድርጅቱ ገቢውን የሚያገኘው ለሌሎች ድረ ገጽ በመንደፍ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ዴቪድ ሃይኔማየር ሃንሰን ያኔ ኮፐንሃገን የሚኖር ተማሪ ሲሆን፣ ለሥራው የሚሰጠው በሳምንት 10 ሰዓት ያህል ነበር። ሶፍትዌሩ በፌብሩዋሪ 2004 ለገበያ ሲወጣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ወርሃዊ ክፍያ ነበረው። ያሰቡት በዓመቱ መጨረሻ በወር 5,000 ዶላር ማግኘት ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ደረሱበት። ሩቢ ኦን ሬይልስ የተባለው፣ ሌሎች ፕሮግራመሮችም የድረ ገጽ ሶፍትዌር የሚሠሩበት ማዕቀፍም በዚያው ዓመት ከዚሁ ኮድ ተለይቶ ወጣ። የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ በ2006 አነስተኛ ድርሻ ገዝቷል፤ ገንዘቡ የገባው ግን ለባለቤቶቹ ነው፣ ለሥራ ማስኬጃ አልዋለም። ከዚህ የሚወሰደው ቀላል ነው፦ አዲሱ ምርት ደመወዝ መሸፈን እስኪችል ድረስ የቀድሞውን ሥራ አለመልቀቅ።

«ከርቀት መሥራት ማለት ቀኑን ሙሉ በቪዲዮ መሰብሰብ ነው»

ሰዎች በሰዓት ከተራራቁ ስብሰባ ሁልጊዜ የአንዱን እንቅልፍ ይነካል። ስለዚህ ሥራው በጽሑፍ ይሄዳል። ሶፍትዌሩ ራሱ ሰኞ ጠዋት «በዚህ ሳምንት ምን ልትሠራ አስበሃል?»፣ በቀኑ መጨረሻ ደግሞ «ዛሬ ምን ሠራህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁሉም በሚመቸው ጊዜ መልሱን ይጽፋል፣ ሌላውም በሚመቸው ጊዜ ያነባል። የሚበላሸው መልሱ «ሥራ ላይ ነበርኩ» ብቻ ሲሆን ነው። ምን እንዳለቀ፣ ምን እንደቆመ፣ ከማን ምን እንደሚጠበቅ ካልተጻፈ መደወል አይቀርም።

«ሥራው ካላለቀ የማስረከቢያው ቀን ይራዘማል»

ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። በዚህ ኩባንያ የማስረከቢያው ቀን አይነቃነቅም፤ የሚቀነሰው ሥራው ነው። አንዱ የሥራ ዑደት 6 ሳምንት ሲሆን ከዚያ በኋላ 2 ሳምንት ስሕተት ለማረምና ለማሰብ ይሰጣል። አንድ ቡድን አንድ ዲዛይነርና አንድ ወይም ሁለት ፕሮግራመር ብቻ ነው።

ከዑደቱ በፊት ሐሳቡ በጽሑፍ ይቀርባል፣ አምስት ነገርም ይይዛል፦ ችግሩ፣ ለችግሩ ልንከፍለው የምንፈቅደው ጊዜ፣ የመፍትሔው ረቂቅ፣ ሥራውን ሊያሰምጡት የሚችሉ ነጥቦች፣ እና ሆን ተብሎ የማይሠራው። ያልተመረጠ ሐሳብ ወረፋ ይዞ አይጠብቅም፤ በእርግጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ያሰበው ሰው እንደገና ያቀርበዋል። በ6 ሳምንት ያላለቀ ሥራ ደግሞ በራሱ ተጨማሪ ጊዜ አያገኝም። ይህ ጭካኔ ይመስላል እንጂ፣ በስሕተት የተቀረጸ ሥራ ወራት እንዳይበላ የሚከለክለው ይኸው ነው።

ይህን የሚኮርጁ ቡድኖች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት 6 ሳምንቱን ወስደው የሥራውን መጠንም እንደነበረ ሲያስቀሩት ነው። ሁለቱም ከታሰሩ የሚጨመረው የሌሊት ሥራ ብቻ ይሆናል። ሌላው ምክንያት በመሃል ሰው መንጠቅ ነው፤ ለአንድ ቀን ወደ ሌላ ሥራ የተጠራ ፕሮግራመር የሚያጣው ያችን ቀን ብቻ አይደለም፣ የያዘው ሐሳብም ይበተንበታል።

«ከአሥሩ ሥራ ስምንቱ ካለቀ 80 በመቶ ደርሰናል»

የቀሩት ሁለቱ መፍትሔያቸው ገና ያልታወቀ ከሆነ አልደረሳችሁም። ቤዝካምፕ ለዚህ የኮረብታ ሥዕል አለው፤ እያንዳንዱ ሥራ በኮረብታው ላይ በነጥብ ይታያል። ዳገቱ «እንዴት እንደሚሠራ ገና እየፈለግን ነው»፣ ቁልቁለቱ «አውቀነዋል፣ መሥራት ብቻ ቀረ» ማለት ነው። ዳገቱ ላይ ለቀናት ያልተነቃነቀች ነጥብ እርዳታ ትፈልጋለች።

«ትንሽ ኩባንያ ቤተሰብ ነው፣ ጠብ የለበትም»

በኤፕሪል 2021 ኩባንያው የፖለቲካና የማኅበራዊ ጉዳይ ውይይት በሥራ መድረኩ ላይ እንዳይካሄድ ከለከለ፤ መልቀቅ ለሚፈልግም 3 ዓመት ያልሞላው ከሆነ የ3 ወር፣ ከዚያ በላይ ከሠራ እስከ 6 ወር ደመወዝ አቀረበ። በቀናት ውስጥ ከሠራተኛው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለቀቀ። በዚህ መጠን ባለ ድርጅት የአንድ ሰው መልቀቅ የአንድ ሙሉ የሥራ ዘርፍ ዕውቀት መሄድ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ውሳኔ ከመታወጁ በፊት ከሠራተኛው ጋር መነጋገር ይገባል ብለን እናምናለን።

«ከየትም ሆኖ፣ በፈለጉት ሰዓት»

የኩባንያው መሪዎች የሚመክሩት ቢያንስ ወደ 4 ሰዓት የጋራ የሥራ ጊዜ እንዲኖር ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ከቺካጎ ጋር ለሚሠራ ይህ ማለት፣ እዚያ በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት ሥራ ሲገባ እዚህ በክረምታቸው ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ከማርች አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ደግሞ 11 ሰዓት ነው። ስለዚህ የጋራው ጊዜ እስከ ምሽቱ 4 ወይም 3 ሰዓት ይሄዳል፤ ውል ከመፈረም በፊት ይህን ከቤት ሰው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። በመልእክት ቀጠሮ ሲያዝም ሰዓቱ በቺካጎ አቆጣጠር፣ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑ ተገልጾ ይጻፍ። «3 ሰዓት» ብቻ ብሎ መላክ ግን በአገራችን አቆጣጠርና በእነሱ መካከል የ6 ሰዓት ስሕተት ያመጣል።