ጎጃሜውን መጫወት፦ ከቅኔ ቤት እስከ ስክሪን

በአማርኛ ትያትርና ፊልም «ጎጃሜው» ራሱን የቻለ ሚና ነው። አንዴ ባላባት፣ አንዴ መሪጌታ፣ አንዴ ደግሞ አዲስ አበባ የገባ ባላገር ሆኖ ይመጣል። ዋና ገጸ ባሕርይ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ሆኖም ተመልካች ወጥቶ የሚደግመው ብዙውን ጊዜ የእሱን ንግግር ነው።

የንግግሩ ምንጭ ቅኔ ቤት ነው። ጎጃም የስመ ጥሮቹ ቅኔ ቤቶች፣ የዋሸራና የጎንጅ አገር ናት። ተማሪው ቀን ዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲደርስ ይውላል፤ በኋላ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ሁለት ስንኝ ካላት አጭር ቅኔ ከጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ስንኝ እስካለው መወድስ ድረስ ሁሉን በቃሉ ይዞ ነው። ከተሳሳተ እዚያው፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል። ይህን ያለፈ ሰው መድረክ አያስፈራውም።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የዚህ ቤት ልጅ ናቸው። ደብረ ኤልያስ ተወልደው ቅኔውን ተምረው አዲስ አበባ ገቡ። አስተማሩ፣ ትያትር ጻፉ፣ ተማሪዎቻቸውንም ለመድረክ አበቁ። ያኔ የሴቷንም ሚና የሚጫወተው ወንድ ነበር። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለው የዘውዱ ዘመን መዝሙር ግጥምም የእሳቸው እንደሆነ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሱዳን ተሰደዱ። «አፋጀሽኝ» የተሰኘው ትያትራቸው ደግሞ የአገርን መከራ በሴት መስሎ ያቀርባል። ሰምና ወርቁ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ትያትር ቤት ገባ ማለት ነው።

በድምፅ ግን የወጋየሁ ንጋቱን ያህል ጎጃምን ወደየቤቱ ያስገባ ተዋናይ ያለ አይመስለኝም። ዲማና ደብረ ኤልያስ የተማሩት የጎጃሙ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 አሳተሙ። ወጋየሁ ደግሞ በሬዲዮ ተረከው። ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሳን፣ ሰብለ ወንጌልን ሁሉንም ብቻውን ተጫወታቸው። ትረካው በካሴት ተባዝቷል፣ ዛሬም ዩቲዩብ ላይ ይደመጣል። ዛሬ መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው ጉዱ ካሳን በራሱ ድምፅ ማንበብ ይከብደዋል።

ፊልሙ ላይ ስንመጣ ነገሩ ቀለል ይላል። ቁምጣ አልብሰው፣ ዱላውን ማጅራቱ ላይ አጋድመው ሁለት እጁን ካሰቀሉት ጎጃሜ የሆነ ይመስላቸዋል። አለባበሱ ውሸት አይደለም፤ የገጠሩ ሰው እንዲያ ይቆማል። ችግሩ አፉ ላይ ነው። ቃሉን እየጎተተ ይጮሃል፣ ተመልካች ይስቃል፣ አለቀ።

እውነተኛው ጎጃሜ ሲሰድብ እንኳ አይጮህም። «የእሱ ቤት እኮ ሌባ ደፍሮ አይገባም» ብሎ ጎረቤቱን ያመሰግናል እንበል። ሰሙ ጀግንነት ነው። ወርቁ፦ ምን ሊወስድ? ጎበዝ ተዋናይ ይህን ፊቱን ሳያጥፍ፣ ከልቡ እንደሚያሞግስ ሆኖ ይለዋል። ከዚያ ዝም። ሳቁ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም አዳራሹን ይሞላል። አንዳንድ አዘጋጅ ግን ይቺን ዝምታ አይታገሥም፤ በሙዚቃ ይደፍናታል።

ለዚህ ሚና የሚሆን ሰው ፍለጋ አዲስ አበባ ብቻ መዞር አያስፈልግም። ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ፤ ከዘፈንና ከእስክስታው ጎን ትያትርም ይሠራበታል። በዚህ አነጋገር አፉን የፈታ ተዋናይ እዚያ አይጠፋም።