«የላሞች ሌቨል» ምንድን ነው?

ጌም የሚወድ ሰው «ኢስተር ኤግ» ሲባል ይገባዋል። ሠሪዎቹ ጌሙ ውስጥ ደብቀው የሚተዉት ነገር ነው። ስም ሊሆን ይችላል፣ ቀልድ ሊሆን ይችላል፣ ሙሉ ክፍልም ሊሆን ይችላል። ከታወቁት ቀደምቶች አንዱ ዋረን ሮቢኔት በአታሪ «አድቬንቸር» ውስጥ የደበቀው ክፍል ነው። ኩባንያው ያኔ የሠሪዎችን ስም አያወጣም ነበር። እሱም ማንንም ሳያስፈቅድ ስሙን አንድ ክፍል ውስጥ ጻፈና ዝም አለ።

«ዲያብሎ» በሚባለው የኮምፒውተር ጌም ውስጥ ያለው የተደበቀ ክፍል፣ «የላሞች ሌቨል»፣ ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ምስጢሩን የፈጠሩት ተጫዋቾቹ ናቸው። ሠሪዎቹ የደረሱት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ዲያብሎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ማብቂያ ላይ ነው። ትሪስትራም የምትባል መንደር አለች፤ ከካቴድራሏ ሥር ወደ ታች እየወረዱ አጋንንት መውጋት ነው ጨዋታው። መንደሯ ውስጥ ላም ቆማለች። ሲነኳት «እምቧ» ትላለች። ደጋግመው ከነኳት ጀግናው ራሱ ይሰለችና መልስ ይሰጣል። አንዱ መልስ «እኔ ላም አላቢ አይደለሁም» የሚል ነው። በቃ፣ ሌላ ጥቅም የላትም።

ጥቅም የሌለው ነገር ደግሞ ለወሬ ይመቻል። «ላሟን ይህን ያህል ጊዜ በተከታታይ ከነካሃት ወደ ላሞች ሌቨል የሚያስገባ በር ይከፈታል» ተባለ። ስንቱ ማውዙን ሲጨቀጭቅ አደረ! በሩ ግን አልነበረም።

ባሕር ዳር ጌም ቤት ተራ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። ሁሌም አንድ ወሬ አለ።

«ፖሊ ዶርም ያለ ልጅ ከፍቶት አይቷል አሉ።»

«ምለህ?»

«እናቴን!»

አየ የተባለው ልጅ ግን መቼም አይገኝም። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባላል። ጌም ቤት ውስጥ የሚጨመርበት ሌላ ወሬ ነው።

የዲያብሎ አውጪ ኩባንያ ብሊዛርድ ወሬውን ሰምቶ ቀለደበት። በ1998 ባወጣው ሌላ ጌም፣ «ስታርክራፍት» ውስጥ «የላሞች ሌቨል የለም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ተልእኮውን እዚያው ያሸንፋል። ቺት ኮድ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚክድን ሰው ማን ያምነዋል?

በ2000 ዳግማዊ ዲያብሎ ሲወጣ ሌቨሉ የእውነት ገባ። አከፋፈቱን በጣም እወደዋለሁ። በመጀመሪያው ጌም ዊርት የሚባል አንድ እግሩ የእንጨት የሆነ ልጅ ነበር። ነጋዴ ነው፤ ዕቃውን ለማሳየት ብቻ 50 ወርቅ የሚያስከፍል ጮሌ። በሁለተኛው ትሪስትራም ወድማ ዊርትም ሞቶ ታገኘዋለህ። የእንጨት እግሩን ታነሳለህ። ጌሙን እስከ መጨረሻው ቦስ (ዋና ጠላት) ከጨረስክ በኋላ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ሰፈር ትመለሳለህ። የእንጨት እግሩንና ወደ ከተማ የሚመልስ ፖርታል (መሻገሪያ በር) የሚከፍተውን መጽሐፍ ሆራድሪክ ኪዩብ በሚባለው ዕቃ ማዋሃጃ ሣጥን ውስጥ አስገብተህ ስታዋህዳቸው ቀይ ፖርታል ይከፈታል።

ውስጡ ሜዳ ነው። ላሞቹ በሁለት እግራቸው ቆመዋል፤ ረጅም እጀታ ያለው መጥረቢያ ይዘዋል። በመንጋ ይመጣሉ። ድምፃቸው ደግሞ የላም አይደለም፣ ሰው «ሙ፣ ሙ» ሲል ነው የሚሰማው። ወረታ አካባቢ የፎገራ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ጓደኛዬ መጀመሪያ ሲያያቸው «ይቺን ደግሞ ማን ያልባታል?» አለ።

ሦስተኛው ዲያብሎ በ2012 ሲመጣ ቀልዱ ቀጠለ። በላሞቹ ፋንታ ቀስተ ደመናና አበባ የሞላበት የተደበቀ ዓለም ገባ። በ2015 ደግሞ ላሞቹ ተመለሱ፤ የሌቨሉ ስም «ይህ የላሞች ሌቨል አይደለም» ነበር። እኔ ግን አሁንም የምመርጠው የሁለተኛውን ነው።

ዳግማዊ ዲያብሎን በድሮው እትም የሚጀምር ካለ አንድ ነገር ይወቅ። ላሞቹ እጅብ ብለው ስለሚመጡ ብዙ ዕቃ ይጥላሉ፤ ሰው ደጋግሞ የሚገባውም ለዚህ ነው። መሀላቸው ግን ንጉሣቸው አለ። እሱን ከገደልክ በዚያው የጨዋታ ከባድነት ደረጃ ፖርታሉን ዳግመኛ መክፈት አትችልም። አብረን ስንጫወት አንዱ መብረቅ ሲለቅ ሌላው «ኧረ ንጉሡን እንዳትነካው!» ብሎ የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነው።