«ስንት ሳይቴሽን አለው?» የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንድ ወዳጄ ስልኩን አዙሮ የሁለት መምህራንን የጎግል ስኮላር (የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ) ገጽ አሳየኝ። አንዱ የጤና ተመራማሪ ነው፤ ሳይቴሽኑ አምስት ሺህ አልፏል። ሌላው ድንጋይ እየፈጨ ንጥረ ነገሩን የሚለካ የጂኦኬሚስትሪ ሰው፤ ሁለት መቶም አልሞላ። «ይኼኛውማ ተኝቷል» ብሎ ሳቀ። ሳይቴሽን ሌላ ተመራማሪ ሥራህን በማጣቀሻው ውስጥ በጠራ ቁጥር የሚመዘገብ ነጥብ ነው። ወዳጄ ነጥቡን አይቷል፤ እንዴት እንደሚቆጠር ግን አልጠየቀም።

«ብዙ የተጠቀሰ ይበልጣል»

ጎንደር ላይ ይህ ቢበዛ አይገርምም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1954 እ.ኤ.አ. በጤና ኮሌጅነት ነው የተጀመረው፤ እዚህ ተመራማሪ ሲባል ቀድሞ የሚታየን ሐኪም ነው። ጤና ሰፊ ዘርፍ ነው፤ ጽሑፉ ብዙ፣ ጠቃሹም ብዙ። በመቶ የሚቆጠሩ ደራሲዎች ስማቸውን የሚያሰፍሩባቸው ዓለም አቀፍ ጥናቶችም አሉ። ያ ጽሑፍ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስ ሺሁ ለእያንዳንዳቸው ይጻፍላቸዋል እንጂ አይካፈሉትም። የጂኦኬሚስትሪው ሰው ገደል ወርዶ ናሙና ይሸከማል፣ ይፈጫል፣ ብዙ ጊዜም ውጭ አገር ላብራቶሪ ልኮ ውጤት ይጠብቃል። የሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ማቆም ከንቱ ነው።

«ትልቅ ጆርናል ላይ ካልወጣ ማን ይጠቅሰዋል?»

በዚህ ዘርፍ ከዚህ የሚያስቅ አባባል የለም። በጂኦኬሚስትሪ እጅግ ከተጠቀሱት ጽሑፎች አንዱ የሰን እና የማክዶኖ የ1989 ሥራ ነው፤ የወጣውም በጆርናል (በየጊዜው በሚታተም የምርምር መጽሔት) ሳይሆን የለንደን ጂኦሎጂ ማኅበር ባሳተመው ጥራዝ ውስጥ፣ እንደ አንድ ምዕራፍ ነው። ምስጢሩ ሰንጠረዡ ላይ ነው። የጥንታዊ ሜትሮራይት (ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ) እና የመጀመሪያው የምድር ማንትል (ከቅርፊቷ ሥር ያለው ንብርብር) ንጥረ ነገሮች መጠን ተዘርዝሮበታል። ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ ጥቁር ድንጋይ፣ የሚያጠና ሰው እንደ ላንታነም ወይም ኒዮቢየም ያለ ንጥረ ነገር ለክቶ ቁጥሩን ባዶውን ቢያስቀምጠው ብዙ አይናገርም፤ ለሰንጠረዡ ቁጥር አካፍሎ ነው ግራፉን የሚስለው። ጽሑፉ የሰፈር ቁና ሆኗል ማለት ነው፦ እህል ያለው ሁሉ ይዋሰዋል፣ በተዋሰው ቁጥርም ስሙን ይጠራል። ጠሪው ሁሉ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቦት ይሆን? እኔ እጠራጠራለሁ።

ኢምፓክት ፋክተር የሚባለውም የጆርናሉ ነው፤ ያለፉት ሁለት ዓመታት ጽሑፎቹ በዓመቱ ውስጥ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ይናገራል። ያንን ለአንድ ጽሑፍ መስጠት የክፍሉን አማካይ ውጤት በአንድ ተማሪ ካርድ ላይ እንደመጻፍ ነው።

«ኤች-ኢንዴክሱን ንገረኝ፣ ይበቃኛል»

የፊዚክስ ተመራማሪው ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረበው ስሌት ነው። አምስት ጽሑፎችህ 40፣ 12፣ 6፣ 4 እና 1 ጊዜ ቢጠቀሱ ኢንዴክስህ 4 ነው፤ ቢያንስ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች አሉሃና። አርባው ነገ አራት ሺህ ቢሆንም ያው 4 ነህ።

«ጎግል ስኮላርና ስኮፐስ ከተለያዩ አንዱ ዋሽቷል»

አልዋሹም። ስኮፐስ የሚባለው የጥናት መረጃ ቋት መርጦ ከያዛቸው ኅትመቶች ይቆጥራል፤ ጎግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍም ሳይቀር ይለቅማል።

«ድንጋዩ የእኛ፣ ጥናቱ የፈረንጅ»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ይህኛው የሚያናድደኝ። የኢትዮጵያ ደጋ የባዛልት ክምር የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ቢበዛ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ እንደፈሰሰ ያሳየው ጽሑፍ በ1997 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ናሙናው ከተወሰደባቸው ቦታዎች አንዱ እኛ ወደ ሽሬ ስንወርድ ልባችን የሚርድበት ሊማሊሞ ነው። የመጀመሪያው ስም የውጭ ሰው ነው፤ ከደራሲዎቹ መካከል ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ ይገኙበታል። የሳይቴሽን ቁጥር ማን ድንጋዩን እንደሰበረ፣ ማን ማሽኑ ጋ እንደተቀመጠ አይነግርህም።

ወዳጄ የጂኦኬሚስትሪውን ሰው ገጽ መልሶ ከፈተና አርእስቶቹን አንድ በአንድ ወደ ታች ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ቆም አለ። «እንዴ፣ ይኼ የአዘዞ ድንጋይ አይደለም?»