የናራ ሱሚ፦ የጃፓን የብሩሽ ጽሕፈት ደረቅ ቀለም

ሱሚ በጃፓን ለብሩሽ ጽሕፈትና ለሥዕል የሚያገለግል፣ ጥላሸት ከእንስሳት ሙጫ ጋር ተቦክቶ፣ በመቅረጫ ቅርጽ ይዞ የደረቀ ጠንካራ ቀለም ነው። ጸሐፊው ሱዙሪ በሚባለው የመፍጫ ድንጋይ ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጎ ሱሚውን በዝግታ በማሸት ለዕለቱ የሚበቃውን ያህል ያወጣል። በጃፓን ከሚሠራው ደረቅ ሱሚ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከጥንታዊቷ መዲና ከናራ ስለሚወጣ፣ የሱሚ ታሪክ በአብዛኛው የናራ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

ኒሆን ሾኪ የተባለው ዜና መዋዕል በ610 እ.ኤ.አ. ከኮሪያው ጎጉርዮ መንግሥት የመጣው መነኩሴ ዶንቾ ወረቀትና ቀለም መሥራት ያውቅ እንደነበር ይመዘግባል፤ ሙያውን መጀመሪያ ያስገባው እርሱ ነው የሚሉ ቢኖሩም፣ ጽሑፉ የሚመሰክረው ባለሙያነቱን ብቻ ነው። በናራ የሚገኘው የሾሶይን ግምጃ ቤት ሲላ የተባለው የኮሪያ መንግሥት ባለሙያዎች ስም የታተመባቸውን፣ የጀልባ ቅርጽ ያላቸው ጥንታዊ ሱሚዎች እስከ ዛሬ ጠብቋል። ቀደም ባሉት ዘመናት ዋናው ጥሬ ዕቃ የጥድ ጥላሸት ነበር። በሙሮማቺ ዘመን (ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን) ግን የኮፉኩ ጂ ገዳም መነኮሳት ከመቅደሱ የዘይት መብራቶች በላይ የተከማቸውን ጥላሸት ሰብስበው ጥቁረቱ የጠለቀ ሱሚ እንደ ሠሩ ይነገራል፤ የናራ ዝናም ከዚያ ይነሣል።

በ1577 የተመሠረተው ኮባይኤን የተባለው የሱሚ መሥሪያ ቤት ዛሬም በዚያችው ከተማ ይሠራል። የቤቱ ስድስተኛ ወራሽ ማትሱይ ገንታይ በ1739 ወደ ናጋሳኪ ወርዶ ስለ ቻይናውያን አሠራር በዘመኑ ቺንግ ይባል ከነበረው የቻይና መንግሥት ሰዎች ተምሮ ተመልሷል፤ የናራ ሱሚ ከቻይናው ጎን በኩራት ለመቆም የበቃውም እንዲህ ባለ ትጋት ነው።

ሥራው የብርድ ወቅት ሥራ ነው፤ ሙጫው በሙቀት ስለሚበላሽ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ብቻ ይከናወናል። በጨለማ ክፍል ውስጥ በተደረደሩ የሸክላ ሳህኖች ላይ የጎመንዘር ወይም የሰሊጥ ዘይት በቀጭን ፈትል እየነደደ፣ ጥላሸቱ ከላይ በተደፋው ክዳን ላይ ይሰበሰባል፤ በአንድ ወገን እንዳይከማችም ሠራተኛው ክዳኑን በየጊዜው ያዞራል። (የእኛም የብራና ጸሐፍት ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ይነሣል።) ጥላሸቱ ከቀለጠ ሙጫና ከሽቶ ጋር በእግርና በእጅ ከታሸ በኋላ ከእንጨት በተቀረጸ መቅረጫ ውስጥ ይጨመቃል። ትኩሱ ሱሚ ወዲያው ከደረቀ ስለሚሰነጠቅ እርጥበት ባለው አመድ ይቀበራል፤ አመዱ በየዕለቱ ቀስ በቀስ በደረቀ እየተተካ፣ ትንሹ ለሳምንት ያህል፣ ትልቁ ከወር በላይ ይቆያል። ከዚያም በሩዝ ገለባ ታስሮ ከጣሪያ ላይ ለወራት ይንጠለጠላል፤ በመጨረሻም ታጥቦ፣ አንዳንዱ በባሕር ዛጎል ተፍቆ እንዲያንጸባርቅ ተደርጎ፣ ጽሑፉና ሥዕሉ በወርቅና በብር ቀለም ይሞላል።

ሰብሳቢዎች ኮቦኩ ለሚሉት አሮጌ ሱሚ የሚሽቀዳደሙት ለጌጡ ብቻ አይደለም። ሙጫው በዓመታት ውስጥ ስለሚላላ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት የቆየ ሱሚ በወረቀት ላይ ሲፈስ ጥላውና ጠርዙ ከአዲሱ ይበልጥ ይለሰልሳል፤ እጅግ ካረጀ ግን ሙጫው ኃይሉን ያጣል። የሱሚ መጠን በ«ቾ» ይለካል፤ አንድ ቾ 15 ግራም ነው። ጥላሸቱ ከጥድ ከሆነ ቀለሙ ሲቀጥን ወደ ሰማያዊ፣ ከዘይት ከሆነ ብዙ ጊዜ ወደ ቡናማ ያደላል።

በሚኤ ግዛት የሚሠራው የሱዙካ ሱሚም በ1980 እንደ ባህላዊ የእጅ ሥራ በመንግሥት ታውቋል፤ ናራ ይህን ዕውቅና ያገኘችው ዘግይታ በ2018 ነው። በጠርሙስ የሚሸጠውን ፈሳሽ ቀለም በ1958 ለተማሪዎች ያቀረበው ኩሬታኬም የናራ ድርጅት ነው፤ ደረቁን ሱሚ ከትምህርት ቤት ጠረጴዛ የገፋው እንግዲህ የገዛ ከተማው ልጅ ነው።

ሱሚ ከፀሐይ፣ ከማሞቂያና ከድንገተኛ የእርጥበት ለውጥ ርቆ ፓውሎኒያ ከተባለ ዛፍ እንጨት በተሠራ ሣጥን ይቀመጣል። የተፈጨበት ጫፍ ወዲያው ካልተጠረገ ይሰነጠቃል፤ ድንጋዩ ላይ ተረስቶ ያደረ ሱሚም ተጣብቆ ስለሚቀር፣ ሲነቀል ሱዙሪውን ይልጠዋል።